የሐሙሱ ፋክስ

ኦሮራ፣ ማክሰኞ መስከረም 27 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለእንዳልክ፣ ኦርላንዶ፣ ካረፋችሁበት ሆቴል፤

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼልሃለሁ። ዛሬ ጠዋት በስልክ «ማን ነው የሞተው?» ብለህ ጠይቀኸኝ፣ መልሴን ሳትሰማ ዘርፌ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ ስትል ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ደግ አደረግህ። መልሱ ይኸውልህ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው። የሚስትህ አባት አቶ ታደሰ ናቸው። ትናንት ናዝሬት ቤታቸው ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ በዚያው ቀሩ። ዛሬ ተቀብረዋል። ነፍሳቸውን ይማር።

ለእኔ የደወለልኝ ወንድሟ ነው። «ጋሼ፣ እህቴን እንደ ወጉ አርዱልኝ፤ በስልክ እንዳትሰማ» ብሎ ሲያለቅስ እኔም አልቅሼ ቃል ገባሁለት። ስለዚህ የምናደርገው እንዲህ ነው። እናንተ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ትገባላችሁ። እሑድ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን እኔና ባለቤቴ ፀሐይነሽ፣ አባና የእድሩ ሴቶች ሆነን በራችሁን እናንኳኳለን። የሚይዛት ሰው ይኖራል፣ ውሃ የሚያቀብላት ሰው ይኖራል፣ አብሯት እሪ የሚል ሰው ይኖራል። እስከዚያ አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ለቅሶ በሆቴል አይለቀስም!

በዚህ በኩል አትስጋ። እዚህ ኦሮራ ከፒዮሪያ ጎዳና እስከ ኮልፋክስ ጎዳና ያለውን አበሻ ሁሉ አፉን አዘግቼዋለሁ። ማንም አይደውልላትም፤ ማንም ፌስቡክ ላይ ሻማ አይለጥፍም። ልጃችሁ እምነትም እኛ ቤት ደህና ናት፤ ትናንት ፓስታዬን ቀምሳ ጨው አብዝተሃል ብላ ገሥጻኛለች። አንተ በበኩልህ የዘርፌን የስልክ ቻርጀር ደብቀው። ጠፋ በላት።

«ለምን በፋክስ?» ትለኝ ይሆናል። ቴክስት እንዳላደርግልህ ዘርፌ ፎቶ የምታነሳው በአንተ ስልክ ነው። ኢሜይል እንዳልልክ ባለፈው ላንተ ብቻ የጻፍሁት ለእድሩ አባል ሁሉ ደርሶ ጉድ ፈልቶብኛል። ስለዚህ በእጄ እየጻፍሁ ከውድነህ ሱቅ፣ በርበሬው አጠገብ ካለችው ማሽን እልክልሃለሁ። አንተም በዚያው ቁጥር መልስልኝ። እዚያ ሆቴል ውስጥ የአማርኛ የእጅ ጽሕፈት የምታነብ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ አንተ ትጠብቃለህ።

በል በርታ። ሆስፒታሉ ያን ሁሉ መንገድ የላከህ ሐሙስ ዕለት እንድትናገር ነውና ሥራህን ሥራ። ከኮንፈረንሱ ስትወጣ ደግሞ ያን የመዝናኛ ፓርክ አሳያት፣ አስቃት። ከእሑድ በኋላ ብዙ ጊዜ አትስቅም።

ወልደሚካኤል


ኦርላንዶ፣ ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8፣ 2014

ለተከበሩ ጋሽ ወልደሚካኤል፤

እትዬ ፀሐይነሽ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? እምነትን ስለያዛችሁልን እግዚአብሔር ይስጥልን። «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ፋክስዎን የሆቴሉ ሠራተኛ በበር ሥር ነው ያሾለከው። እግዜር ሲያወጣኝ ጫማዬን ላሥር ጎንበስ ብዬ ነበርና ዘርፌ ሳታየው ኪሴ ከተትኩት። ወዲያው ወርጄ «በስሜ የሚመጣ ወረቀት እዚሁ ይቀመጥልኝ፤ ክፍል እንዳታመጡ» ብዬ አስጠነቀቅኩ። እሺ ብለውኛል። ደብዳቤውን ሽንት ቤት ገብቼ፣ ውሃ ከፍቼ ነው ያነበብኩት። አቶ ታደሰ ለእኔም አባት ነበሩ። ስወጣ ዘርፌ «ዓይንህ ምን ሆነ?» አለችኝ። የሆቴሉ ሳሙና ነው አልኳት። ይኸው የመጀመሪያዋ ውሸት።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስታውስዎ፤ በድፍረት አይዩብኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴ ስታርፍ የሥራ ላይሰንስ ፈተናዬ ደርሶ ነበርና፣ ዘርፌ በእርስዎ ምክር አስራ አንድ ቀን ደበቀችኝ። አስራ አንድ ቀን ሙሉ «እናትህ ደህና ናቸው፤ ኔትወርክ ነው እምቢ ያለው» እያለች እራት አቀረበችልኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር አንድ ማዕድ አልቀረብንም። ያስታረቁን እርስዎ ነዎት። በእርስዎ ሳሎን፣ አባ መስቀሉን ይዘው፣ «ከእንግዲህ ሞት አንደባበቅም» ብለን በመድኃኔዓለም ስም ማልን። ያን ዕለት ዘርፌ ምን እንዳለች ያስታውሳሉ። «ከሁለታችን ይህን ያፈረሰ ትዳራችንን አፈረሰ» ነው ያለችው። ዘርፌ የተናገረችውን እንደማታጥፍ ደግሞ እርስዎም ያውቃሉ።

ከተጋባን አስራ አራት ዓመት ሲሆነን ሽርሽር የሚባል ነገር አይተን አናውቅም። የሆስፒታሉን መቀስና መቆንጠጫ ከሚያጥበው ክፍላችን ለኮንፈረንስ የተላከ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ ብዬ ስነግራት፣ እሷ አረጋውያን ከምትንከባከብበት ነርሲንግ ሆም አንድ ሳምንት እረፍት ለምና ነው የተከተለችኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ፓርኩ በር ላይ ስንደርስ እንደ ልጅ አጨበጨበች። ከዚያ ሱቅ ገባን። አረንጓዴ ባርኔጣ አነሳች፤ ከፊቱ አዞ ጥርሱን ያገጠጠበት። እኔ ራስ ላይ ደፍታው «የአባዬ ራስ ካንተ ይሰፋል?» አለችኝ።

ምን ልበል? ትንሽ ይሰፋል አልኩ። ትልቁን ገዛች። አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጦ ያገጥጥብኛል።

ጋሼ፣ እባክዎ ይፍቀዱልኝ። ዛሬውኑ ልንገራት።

እንዳልክ


ኦሮራ፣ ረቡዕ መስከረም 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለእንዳልክ፤

አልፈቅድም።

ፀሐይነሽ ጉልበቷን እያሸች ሰላም በልልኝ ትላለች። እሷም እንደ አንተ «ይነገራት» ባይ ናት፤ ቤቴ ውስጥም እየተሟገትሁ ነው የምጽፍልህ።

መሐላውን አልረሳሁትም፤ እኔው ምንጣፍ ላይ ቆማችሁ አይደል የማላችሁት! ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አባን «መሐላቸው ለአራት ቀን ላላ ቢል ምን ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ዝምታቸውን እሺ ብዬ ወስጄዋለሁ። ባርኔጣውን በሚመለከት፣ ትግዛ። ሸሚዝም ትግዛ። ሰው ለአባቱ ሲገዛ ቢውል ምን ኃጢአት አለው?

እኔን ያስቸገረችኝ እምነት ናት። ትናንት ፀሐይነሽ በስልክ ስታለቅስ ሰምታት ኖሯል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው ብለህ አትናቃት። ፊቴ መጥታ ቆመችና «ዲድ ግራንድፓ ዳይ?» ብላ የአያቷን ሞት ጠየቀችኝ። መዋሸት አልቻልሁም። ለእናትሽ ግን እስክትመጣ አትንገሪ አልኋት። «ዳትስ ላይንግ» አለችኝ። ውሸት አይደለም ልጄ፣ ማቆየት ነው ብላት «ሴም ቲንግ፣ ያው ነው» ብላ በሩን ድርግም አደረገችብኝ። ይኸው እስከ አሁን አልከፈተችልኝም። ስለዚህ ዘርፌ በአንተ ስልክ ደውላ ልጄን አገናኙኝ ስትል ሻወር ላይ ናት አልኋት። ነገም ሻወር ላይ ናት። ከነገ ወዲያ ምን እንደምል እግዜር ያውቃል።

ለምን እንዲህ ሙጭጭ አለ ሳትለኝ አትቀርም። ምክንያት አለኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ለፀሐይነሽ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ነገ ጠዋት በማለዳ ጽፌ እልክልሃለሁ፤ አንብበህ ከዚያ ፍረደኝ። እስከዚያ አደራህን፣ አደራህን! አፍህን ያዝ።

ወልደሚካኤል


ኦርላንዶ፣ ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9፣ 2014

ለተከበሩ ጋሽ ወልደሚካኤል፤

እንዴት ዋላችሁ? ንግግሩ በሰላም አለቀ። ሃያ ደቂቃ ተናግሬ አጨበጨቡልኝ። አለቃዬም ከዴንቨር ደውላ «ኮራንብህ» አለችኝ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቸገረኝ። «ያልመከነ፣ ከጀርም ያልጸዳ መሣሪያ ማለፉን ያወቀ ሠራተኛ ያንኑ ደቂቃ መናገር አለበት፤ ማቆየት የለም» የሚል ስላይድ ነበረኝ። ራሴ የጻፍኩት ነው። እዚያ ስደርስ ውሃ ጠጣሁ።

ለምሳ ክፍል ስገባ ዘርፌ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ጥቁር ቲሸርት ለብሳለች። ከታች ካለው ሱቅ የገዛችው ነው፤ ያው አዞ ያገጠጠበት። «ቀዩን አልነበረም እንዴ የወደድሽው?» ብላት «ጥቁር አማረኝ» አለች።

ከዚያ ፓርክ ሄድን። ጋሼ፣ ዘርፌን ያውቋታል፤ ፎቅ ላይ በረንዳ የማትወጣ ሴት ናት። ዛሬ ያን ከሰማይ ወደ ምድር የሚወረወረውን ትልቁን ሮለርኮስተር አምስት ጊዜ ወጣችበት። አምስት! እኔ ከሁለተኛው በኋላ ታች ቀረሁ። ከታች ሆኜ ድምጿን ለየሁት፤ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ናት። ፀጉሯ ተበትኖ ትወርድና «እንደገና» ትለኛለች። አሁን ድምጿ ተዘግቷል። ሲወርድ የሚያነሳ ካሜራ አለ። ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን እስከ ጥግ ከፍታ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አድርጋ ወጥታለች። ፎቶውን ገዛሁት። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። አባቷ ከተቀበሩ ሁለት ቀን ሆኗቸው እኔ ሳቋን ገዝቼ በፌስታል መያዜ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እንጃ።

ደግሞ ልቤን የከበደው ነገር አለ። ዛሬ የአባቷን ስም አንዴም አላነሳችም። ባርኔጣውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንስታ ሻንጣ ውስጥ ከታዋለች። ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ ድንገት ዞር ብላ «እንዳልክ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?» አለችኝ።

«ምን ነገር?» አልኳት።

«እንጃ። ካለ ብዬ ነው» ብላ ወደፊት ተራመደች።

ዛሬ በማለዳ እጽፋለሁ ያሉትን ምክንያትዎንም አላገኘሁም፤ ሥራ በዝቶብዎ ይሆናል። ቢያንስ እሱን አንብቤ ብፅናና ብዬ ነበር።

እንዳልክ


ኦሮራ፣ ዓርብ መስከረም 30 ቀን 2007 ዓ.ም.

እንዳልክ፤

አልደረሰኝም ስትል ምን ማለትህ ነው? ሐሙስ ጠዋት ውድነህ ሱቁን እንደከፈተ በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት። ሦስት ገጽ። ስምህን በእንግሊዝኛ ከላይ ጽፌበታለሁ። አሁኑኑ ወርደህ ጠይቅ። ለማን እንደሰጡት፣ የት እንዳስቀመጡት ጠይቅ!

ቲሸርቱ ጥቁር ነው ያልከኝ? ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበረች? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?

ደብዳቤው እስኪገኝ አትንገራት። ወይም ደግሞ... አይ፣ ምን እንደምልህ እኔም ጠፋኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ፀሐይነሽ «የእጅህን አገኘህ» ብላ ሽሮዬን አስቀምጣልኝ ወጥታለች። ቶሎ መልስልኝ፤ ከውድነህ ሱቅ አልነቃነቅም።

ወልደሚካኤል


ኦርላንዶ፣ ዓርብ፣ ኦክቶበር 10፣ 2014

ለጋሽ ወልደሚካኤል፤

በችኮላ ነው የምጽፈው። ዘርፌ ሊፍቱ ጋ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ የሆቴል ሂሳብ ልጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁት።

ጠየቅኩ። ሐሙስ ጠዋት የነበረው ልጅ ዛሬ እረፍት ነው። ያለችው ሴት ሳጥኑን አገላብጣ «በስምህ የተቀመጠ ወረቀት የለም» አለችኝ። ማሽናችሁ ሳያሳልፈው ቀርቶ ይሆናል። እንደዚያ እንዲሆን ነው የምጸልየው። ያ ደብዳቤ በእጇ ገብቶ፣ እኔ መድረክ ላይ ስለ መቀስ ሳወራ እሷ ብቻዋን አንብባው ከሆነ፣ እስክሞት ራሴን ይቅር አልለውም። ይህን ማሰብም አልችልም፤ ስለዚህ አላስበውም።

አንድ ነገር ግን ቆርጫለሁ። ደብዳቤው ደረሰ አልደረሰ ዛሬ እነግራታለሁ። የት እንደምነግራት አላውቅም፤ ከዚህ ሆቴል እስከ ፓርኩ ያለው ሁሉ ሙዚቃና ፊኛ ነው። ትናንት «የምትነግረኝ ነገር አለ?» ስትለኝ ዓይኗን አይቼ «ምን ነገር?» አልኳት። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔም ዘርፌን እንደዚያው ጠይቄያት ነበር። እሷም ያኔ «ምን ነገር?» ነው ያለችኝ። ያን ቃል ሦስት ዓመት ስረግመው ኖሬ፣ ትናንት ከራሴ አፍ ወጣ።

ጋሼ፣ እርስዎ አባቴ ነዎት። ሥራ ያስገቡኝ፣ የዳሩኝ፣ ያስታረቁኝ እርስዎ ነዎት። አንድም ቀን ቃልዎን አልፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ፈቃድ እየጠየቅኩ አይደለም፤ ማሳወቄ ነው። የሚይዛት ሰው የለም ይሉኝ ይሆናል። እኔ አለሁ።

መጣች። ጨረስኩ።

እንዳልክ


ኦርላንዶ፣ ዓርብ ማምሻውን፣ ኦክቶበር 10

ለጋሽ ወልደሚካኤል፣ በውድነህ ሱቅ በኩል፤

ዘርፈሽዋል ነኝ። የፋክሱን ቁጥር ከየት አገኘሽው አይበሉኝ፤ የሐሙሱ ደብዳቤዎ ራስጌ ላይ ተጽፏል።

አዎ፣ እኔ ጋ ነው። እንዳልክ ለንግግሩ ከወጣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በበር ሥር ገባ። የእርስዎን የእጅ ጽሕፈት ሳይ ደስ አለኝ፤ ለእንዳልክ መልካም ዕድል ብለው የላኩ መሰለኝ። ቆሜ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ «የአባቷን መርዶ» የሚል አለ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እዚያው ተቀምጬ ሦስቱንም ገጽ አነበብኩ፤ የእርስዎንም ሐዘን። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት በአሮጌው የዴንቨር ኤርፖርት በር ላይ፣ ታክሲዎ ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠብቁ፣ የእናትዎን ሞት ከሱዳን ዞሮ በመጣ ደብዳቤ እንዳነበቡ። መሪውን ይዘው ሲያለቅሱ ሻንጣ የያዘ ሰውዬ መስኮቱን እንዳንኳኳ። ዳውንታውን እስኪደርስ ስለ አየሩ ጥሩነት ሲያወራልዎ «የስ ሰር» እያሉ እንደነዱ። ዛሬ ኤርፖርቱ ፈርሶ ሰፈር ከሆነ በኋላ በዚያ ባለፉ ቁጥር «ያለቀስሁበት ቦታ አሁን የማን ሳሎን ይሆን?» እንደሚሉ። መጨረሻ ላይ «ዘርፌ እንደ እኔ ብቻዋን በወረቀት እንድትሰማ አልፈልግም» ብለው ጻፉ። ጋሼ፣ እሱን መስመር ብቻዬን በወረቀት አነበብኩት።

ይህን የምጽፈው ሆድዎን ላባባው ብዬ አይደለም። እሰው ፊት የማያለቅሱ ሰው ነዎት፤ ውድነህም አጠገብዎ ቆሞ ይሆናል። አልተቀየምኩዎትም። ለአባቴ ያዘንኩትን ያህል አዘንኩልዎ።

እንዳልክ ሲመለስ ምን ልሁን? ለምሳ ይመጣል። የነበረኝ ልብስ ሁሉ አበባና ቢጫ ነው፤ ለሽርሽር አይደል የመጣሁት! ታች ወርጄ ጥቁር የተባለ ቢኖር ያ ቲሸርት ብቻ ነበር። ላባቴ ሐዘን የሚያገጥጥ አዞ ለበስኩ። አባዬ ቢያየኝ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ከዚያ ባለቤቴን ጠበቅኩት። መጥቶ እንዲነግረኝ ነው የጠበቅኩት። እኔ ቀድሜ ብናገር ቃሉን ጠብቆ ይሁን አይሁን መቼም አላውቅም ነበር። እናንተ ሁላችሁ ብትደብቁኝ ወግ ነው፤ እሱ ግን ምሎልኛል። ሳይነግረኝ አውሮፕላን ላይ ከወጣን፣ ከዴንቨር ኤርፖርት እምነትን ይዤ ወደ ሌላ ቤት ልሄድ ቆርጬ ነበር። የእኔን ልብስ ለብቻ አድርጌ አስሬ ነበር።

ስለዚያ የፓርኩ ሮለርኮስተር መቼም ጽፎልዎታል። ዘርፌ ደፋር ሆነች ብሎ ይሆናል። ጋሼ፣ እዚያ ላይ ሰው ሁሉ ይጮኻል። በዚህ አገር እሪ ብዬ ባለቅስ ማንም ዞር ብሎ የማያየኝ ቦታ እሱ ብቻ ነው። ሲወጣ እንባዬን እይዘዋለሁ፤ ሲወርድ «አባዬ! አባዬ!» እላለሁ። አጠገቤ ያሉት ልጆችም ይጮኻሉ። ትናንት አምስት ጊዜ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ። እንዳልክ ከታች ሆኖ እጁን ያውለበልብልኛል። አንጀቴን በላው። ምግብ አይበላም፤ ባርኔጣው ቴሌቪዥኑ ላይ ሳለ ባየው ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። እኔ እናቱን አስራ አንድ ቀን ስደብቀው እንዴት እንደቻልኩ ዛሬ ገረመኝ።

ለስምንተኛው ሰልፍ ይዘን «አርባ አምስት ደቂቃ» የሚለው ሰሌዳ ሥር ስንደርስ እጄን ይዞ ከሰልፉ አወጣኝ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። «ዘርፌ፣ መሐላዬን ሦስት ቀን አፍርሻለሁ፤ አራተኛ ቀን አላድርበትም» አለኝና ነገረኝ። እንደማያውቅ ሰው ሆኜ ሰማሁት። እንባው ግን የውሸት አልነበረም፤ ተጠራቅሞ ነው የቆየው። አቅፎኝ አብሮኝ አለቀሰ። የአዞ ልብስ ለብሶ ከልጆች ጋር ፎቶ የሚነሳ የፓርኩ ሠራተኛ እንኳ መጥቶ በዚያ በትልቅ መዳፉ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። የያዘኝ ሰው ነበር፣ ጋሼ። አይስጉ።

አሁን ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። እሑድ ንጋት በር አታንኳኩ፤ ነገ ስንገባ በሩን እምነት ትክፈትልኝ። እሷም የአያቷን ሞት ብቻዋን ይዛ ቆይታለች፤ ከሁላችሁ በፊት ከእሷ ጋር ላልቅስ። ሁለተኛው የሐሙሱ ደብዳቤ ነው። እንዳልክ «ብቻሽን አንብበሽው ቢሆን ኖሮ እሞት ነበር» እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። የምን ደብዳቤ አልኩት። ባሌ አባቴን ያረዳኝ እሱ ነው፤ እንደዚያው ይቅር። መሐላ አፈረስሽ ይበሉኝ፤ ይሁን። የነገረኝን ነገር አልቀማውም።

ምን እንደሚሉት እርስዎ ያውቃሉ፤ ማቆየት ይችሉበታል።

ባርኔጣው ለእርስዎ ነው። የእርስዎና የአባዬ ራስ እኩል ይመስለኛል።

ዘርፈሽዋል


ኦሮራ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 1 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንዳልክ፤

ሻንጣ ሳታወጡ እንዲደርስህ በማለዳ ነው የላክሁት። ሰላምታዬ ይብዛልህ፤ ማክሰኞ ያቆየሁትም አብሮ ይድረስህ።

አልጠየቅኸኝም፤ አሳወቅኸኝ። ትናንት ያን ሳነብ ደሜ ፈልቶ ነበር። ሱቁ ውስጥ ስንቆራጠጥ ውድነህ ወንበር አመጣልኝ። ዛሬ ግን ደግ አደረግህ እልሃለሁ። ፀሐይነሽ እንድጽፍልህ ያዘዘችኝ ከዚህ የረዘመ ነበር፤ እኔ የምችለው ይህን ያህል ነው።

በር አናንኳኳም። ስትደርሱ እምነት ትከፍትላችኋለች፤ እኛ እንጀራውንና ወንበሩን ይዘን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን። ትናንት አመሻሽ ላይ በሯ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። ማቆየትና መዋሸት አንድ ሆኖ ተገኝቷል አልኋት። «ኦኬ» አለችኝና ከፈተችልኝ። ከዚያ ስለ አያቷ እንዳወራላት ጠየቀችኝ። አግኝቻቸው አላውቅም፤ በስልክ የሰማሁትን ሳቃቸውን ነገርኋት።

ያ የፎቶ ነገር፣ ሳሎን ውስጥ ልስቀለው ካልህ ከመስቀልህ በፊት ዘርፌን ጠይቃት። እሷ እሺ ካለች ስቀለው።

የሐሙሱ ደብዳቤ ተገኝቷል። ውድነህ ማሽኗን ሲከፍታት ሦስቱም ገጽ ውስጥ ተቀርቅረው ተጨማደው አገኛቸው። አልሄዱም። ማንም አላያቸውም። ዘርፌም አላየቻቸውም፤ ልብህ ይረፍ። ምክንያቴ የምልህም የሽማግሌ ወሬ ነበር። ቀድጄ ጥዬዋለሁ፤ አትጠይቀኝ።

ባርኔጣውን ሻንጣ ውስጥ አትጨፍልቁት፤ በእጃችሁ ያዙት።

ስትመጣ ደግሞ ፊቴ ቆመህ «ጋሼ፣ እውነት ማሽኗ ነች?» እንዳትለኝ። ነገርሁህ እኮ። ከፈለግህ በራሴ፣ በፀሐይነሽ፣ በውድነህ ማሽን አስምለኝ። በመድኃኔዓለም ስም ብቻ አታስምለኝ።

ወልደሚካኤል